ወለምታን አንናቀው፤ የቁርጭምጭሚት ጅማት ጉዳት መንስኤ፣ ምርመራና ሕክምና

በደሴ ከተማ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ አቀበት መውጣት ወይም ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቆረቆረች በመሆኗ ሜዳ የሆነ መንገድ ብዙም አይገኝባትም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ይወርዳል፣ ጭቃው ይበዛል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርዶ የምትገኘው ኮምቦልቻ በአንጻሩ ሜዳማና ሞቃታማ ናት። ነገር ግን ፋብሪካዎችና ደረቅ ወደብ ያሉባት ከተማ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው፣ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርደው፣ ከጭነት መኪና ላይ ዘሎ የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። በሁለቱም ከተሞች «እግሬን ወለም አለኝ» ብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ወለምታ በሕብረተሰቡ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። አንዳንዱ ታሽቶ ይድናል ብሎ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ራሱ ይተወኛል ብሎ ዝም ይላል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ወለምታ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ችግሩ ያለው በሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ወለምታ የመሰለው ጉዳት ስብራት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛውን ወለምታም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምናደርግለት ነገር ሊያባብሰው፣ አልፎ አልፎም እግርን እስከማሳጣት ሊያደርስ መቻሉ ነው። በመሆኑም በዛሬው ጽሑፋችን የቁርጭምጭሚት ጅማት ጉዳት እንዴት እንደሚከሰት፣ እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚታከም እንመለከታለን።

ጅማቱ የት ነው? ለምንስ ይጎዳል?

ቁርጭምጭሚት የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው። ሁለቱ ከጉልበት ወደ ታች የሚወርዱት ወፍራሙና ቀጭኑ አጥንቶች ሲሆኑ፣ በእግራችን ውስጥና ውጭ በኩል ጎልተው የሚታዩት ጉብታዎች የእነዚህ አጥንቶች ጫፎች ናቸው። ሦስተኛው አጥንት ከተረከዝ በላይ ተቀምጦ በሁለቱ መካከል ይገባል። እነዚህን አጥንቶች እርስ በርስ አስሮ የሚይዘው ጠንካራ ገመድ መሰል አካል ጅማት ይባላል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ጅማት የሚለውን ቃል ለደም ሥርም፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር ለሚያያይዘውም አካል እንጠቀምበታለን። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን አጥንትን ከአጥንት ጋር ስለሚያስረው ነው።

በቁርጭምጭሚት ውጭ በኩል ሦስት ጅማቶች አሉ። በውስጥ በኩል ያለው ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ በቀላሉ አይጎዳም። ከሁለቱ ጉብታዎች ከፍ ብሎ ደግሞ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች አጣብቆ የሚይዝ ሌላ ጅማት ይገኛል። ከቁርጭምጭሚት ወለምታዎች ውስጥ አብዛኞቹ፣ ማለትም ከ10 ከ8 የማያንሱት፣ የውጭውን በኩል የሚጎዱ ናቸው። ምክንያቱም ስንደናቀፍ እግራችን ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ወደ ውስጥ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የውጭው ጅማት ከአቅሙ በላይ ይሳባል። ከሦስቱ ቀድሞ የሚጎዳው ከፊት በኩል ያለው ነው።

የእግር ጣቶች ወደ ታች ባመለከቱ ቁጥር መገጣጠሚያው ይላላል። በመካከል የሚገባው አጥንት ከፊቱ ሰፊ፣ ከኋላው ጠባብ ስለሆነ፣ ጣቶቻችን ወደ ታች ሲዘረጉ ጠባቡ ክፍል ወደ መያዣው ይገባና አጥንቱ የመወላወል ዕድል ያገኛል። ቁልቁለት ስንወርድ፣ ደረጃ ስንስት፣ ከዝላይ ስናርፍ ወይም ረጅም ታኮ ጫማ ስንጫማ የምንጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። አቀበት መውጣት ቢያደክምም ለቁርጭምጭሚት የሚከፋው መውረዱ ነው።

ለጉዳቱ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ከዚህ በፊት ወለም ብሎ ያውቅ የነበረ እግር ነው። ጎድጓዳና ጠጠር የበዛበት ሜዳ ላይ ኳስ መጫወት፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ ተረከዝን የማይዝ ሸበጥ ተጫምቶ ቁልቁለት መውረድ፣ ፊት ለፊትን የሚጋርድ ሸክም መያዝ፣ የሰውነት ክብደት መጨመርና ድካምም ይጨመሩበታል።

የጉዳቱ ደረጃዎች

ሐኪሞች የጅማት ጉዳትን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በአንደኛው ደረጃ ጅማቱ ከመጠን በላይ ተስቦ ጥቂት ክሮቹ ብቻ ይጎዳሉ። ሕመምና ትንሽ እብጠት ይኖራል፤ ሰውየው ግን መራመድ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ጅማቱ በከፊል ይበጠሳል። እብጠቱ ይጨምራል፣ ቆዳው ይበልዛል፣ መራመድም ያስቸግራል። በሦስተኛው ደረጃ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል። እግሩ በብዛት ያብጣል፣ መገጣጠሚያውም ይወላወላል፤ ሰውየው እግሩን ማስረገጥ ይሳነዋል።

በሕብረተሰቡ ዘንድ የተለመዱ ሁለት አባባሎች ግን ትክክል አይደሉም። «ካበጠ ተሰብሯል» የሚለው አንዱ ነው። የተበጠሰ ጅማትም ደም ስለሚያፈስ ከስብራት ባልተናነሰ ያብጣል። ሁለተኛው «ከተራመደ አልተሰበረም» የሚለው ነው። የቀጭኑ አጥንት ጫፍ ተሰብሮ እያነከሰ የሚሄድ ሰው አለ። በመሆኑም ስብራትንና ወለምታን በእብጠት ብቻ ወይም በመራመድ ብቻ መለየት አይቻልም።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን እናድርግ?

እግር ወለም እንዳለ መጀመሪያ የሚደረገው እንቅስቃሴን ማቆም ነው። ኳስ የሚጫወት ከሆነ ከሜዳ መውጣት፣ ሸክም ላይ ከሆነም ማስቀመጥ ይገባል። «ሳይቀዘቅዝ ልጫወትበት» ማለት በከፊል የተጎዳውን ጅማት እስከ መጨረሻው ሊበጥሰው ይችላል።

ቀጥሎ ጫማንና ካልሲን እብጠቱ ሳይጨምር ማውለቅ ያስፈልጋል። በረዶ ከተገኘ በፌስታል አድርጎ፣ በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ መድገም ሕመሙን ያስታግሳል። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ቆዳን ይጎዳል። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛው እግሩን በላስቲክ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ መጠቅለል ነው። ፋሻው ደገፍ የሚያደርግ እንጂ የሚያንቅ መሆን የለበትም። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያውኑ መላላት አለበት። አራተኛው ደግሞ ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግ ነው። ይህ ዘዴ እብጠቱ እንዲቀንስ ይረዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። እግርን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ በቅቤም ይሁን በቅባት ማሸት፣ አልኮል መጠጣት እንዲሁም እግርን መጎተት የደም ፍሰቱንና እብጠቱን ይጨምራሉ።

በዚህ ጉዳይ የባለሙያዎች ምክርም በጊዜ ሂደት ተሻሽሏል። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻና ከፍ ማድረግ የሚሉትን አራት ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን በአንድ ላይ አስተዋውቀዋቸው ነበር። እኚሁ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶ ማብዛትና ሙሉ ለሙሉ ማረፍ ፈውሱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ በመግለጽ ሐሳባቸውን አሻሽለዋል። ስለሆነም በረዶ ለሕመም ማስታገሻነት ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ዕረፍቱም ከጥቂት ቀናት አይለፍ የሚለው የዛሬው ምክር ነው።

ወጌሻ ጋ መሄድ ወይስ ጤና ተቋም?

በሀገራችን ወጌሻ የቆየ ክብር ያለው ባለሙያ ነው። ቅርብ ነው፣ ክፍያው ብዙ አይደለም፣ ቤት ድረስም ይመጣል። ሰዎች እንዲሁ በከንቱ አይመርጡትም። ይሁን እንጂ ወጌሻ ራጅ የለውም። በእጁ ዳስሶ «ወልቋል፣ ወደ ቦታው ልመልሰው» ሲል ከቆዳው ሥር ያለው የተበጠሰ ጅማት ይሁን የተሰነጠቀ አጥንት ማየት አይችልም። በወለምታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቦታው የወጣ አጥንት የለም፤ ስለዚህ የሚመለስ ነገርም የለም። ስብራት ከሆነ መጎተቱና ማሸቱ አጥንቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ በዙሪያው ያሉ የደም ሥሮችንና ነርቮችንም ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያበጠን እግር በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። እብጠቱ ከታሰረ በኋላም ይጨምራል፤ ማሰሪያው ግን አይላላም። ደም ወደ እግር መድረስ ሲያቅተው ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በወጌሻ ታስሮ የሚመጣ ጋንግሪን፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ ለእጅና ለእግር መቆረጥ ምክንያት ከሆኑት መካከል መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። በቀላሉ ሊድን ይችል በነበረ ጉዳት እግርን ማጣት ለቤተሰብም ለሀገርም ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለዚህ የታሰረ እግር ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀና ሲያደርጋቸው ከባድ ሕመም ከተሰማ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፈትቶ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። «ሕመሙ የመዳን ምልክት ነው፤ ቻለው» ማለት አይገባም። ወጌሻዎችም ቢሆኑ ያበጠና የበለዘ እግር ሲመጣላቸው ሳይነኩ «መጀመሪያ ራጅ ተነሣ» ብለው ቢልኩ ሙያቸውን የሚያስከብር ተግባር ይሆናል።

ምርመራው እንዴት ነው?

በጤና ተቋም ሐኪሙ መጀመሪያ እግሩ እንዴት እንደታጠፈ፣ ድምፅ ተሰምቶ እንደነበር፣ ከጉዳቱ በኋላ መራመድ ተችሎ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያም አጥንቱንና ጅማቱን በተራ ይዳስሳል፤ የደም ዝውውሩንና ስሜቱንም ያያል።

ራጅ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ማን ያስፈልገዋል የሚለውን ለመለየት በካናዳ ኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረጉት መመሪያ ዛሬ በብዙ ሀገራት ይሠራበታል። በዚህ መመሪያ መሠረት በቁርጭምጭሚት አካባቢ ሕመም ያለበት ሰው ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ራጅ ይነሣል። በውጭ ወይም በውስጥ በኩል ያለው ጉብታ ጫፉ ወይም የኋላ ጠርዙ ሲነካ ካመመው፤ አለዚያም ከጉዳቱ በኋላ ወዲያውኑም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ነው። ማነከሱ እንደ መራመድ ይቆጠራል። ከእግሩ መካከል በውጭ በኩል የትንሿ ጣት አጥንት መነሻ፣ ወይም በውስጥ በኩል ከጉብታው ፊት ያለው አጥንት ሲነካ ካመመም የመርገጫው ክፍል ራጅ ያስፈልገዋል።

ይህ መመሪያ ስብራትን ሳያስመልጥ አላስፈላጊ ራጅን በመቀነሱ የታወቀ ነው። ለትንንሽ ሕፃናት፣ ለሰከረ ሰውና እግሩ ለደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን አያገለግልም፤ እነዚህ ሰዎች ሕመማቸውን በትክክል መግለጽ አይችሉምና።

ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» መባል «ምንም አልሆንክም» ማለት አይደለም። ጅማቱ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚታወቀው ሐኪሙ እግሩን በእጁ ይዞ መላላቱን ሲፈትሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን እብጠቱና ሕመሙ ስለማያስነካ፣ ከአራት እስከ አምስት ቀን በኋላ ተመልሶ መታየት የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በቀጠሮ ቀን መቅረት የማይገባውም ለዚህ ነው። አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ የሚታዘዙት ጉዳቱ ከበድ ያለ ሲመስል ወይም ሕመሙ ከሳምንታት በኋላም አልለቅ ሲል ነው።

በልጆች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው። በመሆኑም በልጅ ላይ ወለምታ የመሰለው ጉዳት የማደጊያው ስብራት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው

ስብራት አለመኖሩ ከተረጋገጠ የዛሬው ሕክምና እግርን ለረጅም ጊዜ በጀሶ ማሰርን አይመርጥም። ከባድ ጉዳት ላይ ሕመሙ እስኪበርድ ለጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ለ10 ቀን ያህል ማሳረፍ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ቁርጭምጭሚትን ወደ ጎን እንዳይታጠፍ የሚይዝ ድጋፍ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እያደረጉ መንቀሳቀስ ተመራጭ ነው። ጅማት በልክ ሲንቀሳቀስና ሲጫን ክሮቹ በአግባቡ ተሰድረው ይጠገናሉ።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚወስድ ሰው የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት ወይም አስም ካለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አስቀድሞ ባለሙያን ማማከር አለበት። «ሲያመኝ መርፌ ልወጋ» እያሉ ሕመሙን ብቻ እየሸፈኑ ወደ ሥራ መመለስ ግን ጉዳቱን ያባብሳል።

ምርኩዝ የሚጠቀም ሰው የሚይዘው በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጁ ነው። ደረጃና ዳገት ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ ግን የተጎዳው እግርና ምርኩዙ ይቅደሙ። እንደ ደሴ ባለ ከተማ ይህን ማወቅ ከሁለተኛ ውድቀት ያድናል።

ቀለል ያለ ጉዳት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ መካከለኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው ደግሞ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

የሚረሳው ክፍል፤ እንቅስቃሴ

ብዙ ሰው ሕመሙ ሲተወው ድኛለሁ ብሎ ያቆማል። ነገር ግን ጅማት አጥንት ከማሰር ባሻገር እግራችን በምን አቅጣጫ እንዳለ ለአእምሮ የሚነግሩ ነርቮች አሉት። ጅማቱ ሲጎዳ ይህ መልእክት ይዳከማል። ሰውየው ጠጠር ሲረግጥ እግሩ በፍጥነት ራሱን አያስተካክልም፤ ደግሞ ወለም ይለዋል። ወለም ካላቸው ሰዎች እስከ 40 በመቶ የሚደርሱት በዚህ መልኩ እግሩ እየከዳቸው ለረጅም ጊዜ እንደሚቸገሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። ለዓመታት የሚወላወል ቁርጭምጭሚት ውሎ አድሮ የመገጣጠሚያ ብግነትን ያስከትላል።

ይህን ለመከላከል የሚረዳው እንቅስቃሴ ገንዘብ አያስወጣም። ሕመሙ ሲቀንስ ተቀምጦ በአውራ ጣት በአየር ላይ ፊደል መጻፍ መገጣጠሚያውን ያፍታታል። ቀጥሎ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ በእግር ላይ አጥልቆ፣ ሌላውን ጫፍ ከጠረጴዛ እግር ጋር አስሮ፣ እግርን ወደ ውጭ መግፋት የጎን ጡንቻዎችን ያጠነክራል። ከዚያም ግድግዳ ይዞ በጣቶች መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ ይከተላል።

ዋናው ግን ሚዛንን የመጠበቅ ልምምድ ነው። ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ይዘው ጥርስ ሲፍቁ በተጎዳው እግር ብቻ ለ30 ሰከንድ መቆም፣ ሲለመድ ደግሞ ዐይን ጨፍኖ መቆም ይቻላል። ሚዛን እንዳይስቱ ግድግዳ አጠገብ ይሁን። ይህን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በየዕለቱ ማድረግ ይመከራል።

ወደ ኳስ ሜዳ ወይም ሸክም ወዳለበት ሥራ መመለስ ያለብን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በእግሩ አቅም ነው። በተጎዳው እግር ብቻ እንደ ጤነኛው ያለ ሕመም መዝለል፣ ቀጥ ብሎና እየተጠማዘዙ መሮጥ ከተቻለ እግሩ ዝግጁ ነው። ለጥቂት ወራት በጨዋታ ጊዜ ድጋፍ ማድረግ ደግሞ ዳግም ጉዳትን ይቀንሳል።

ለሦስትና ለስድስት ወራት በአግባቡ እንቅስቃሴ ተሠርቶም እግሩ መክዳቱን ካላቆመ፣ ወይም ከላይ ያለው ሁለቱን አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት ተበጥሶ አጥንቶቹ ከተራራቁ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ይህን የሚወስነው የአጥንት ስፔሻሊስት ነው።

የት እንሂድ?

መጀመሪያ የሚሄዱት በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ አልፎ ራጅና የአጥንት ስፔሻሊስት ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል፤ ለአካባቢው ነዋሪ ከእነዚህ አንዱ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል የሆነ ሰው መታወቂያውን ይዞ ይህን ቅደም ተከተል ከጠበቀ ወጪው ይቀልለታል። የጤና መድህኑ በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ እንደነበር ይታወሳል። «ሆስፒታል ወጪው ይከብደኛል» ብሎ ወለምታን በቤት ከማስታመም በፊት አባልነትን ማደስ ይቀድማል።

የፋብሪካና የጭነት ሠራተኞች ከመኪና ላይ ከመዝለል ይልቅ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው በመሰላል ቢወርዱ፣ ተረከዝን የሚይዝና ሶሉ ያላለቀ ጫማ ቢያደርጉ፣ ኳስ ተጫዋቾችም ከጨዋታ በፊት ሰውነታቸውን ቢያሟሙቁና ከላይ የተጠቀሰውን የሚዛን ልምምድ ቢያዘወትሩ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ሰው ሳይታሽና ሳይታሰር በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።